ቴሲሳችሁ መደርደሪያ ላይ አይቅር፦ ከቀጣናችን የቀዶ ሕክምና ጆርናል ጋር ያለኝ ተሞክሮ

የቀዶ ሕክምና ስፔሻሊቲ የጨረሰ ሐኪም ሁሉ ቢያንስ አንድ የመመረቂያ ጥናት፣ ማለትም ቴሲስ፣ ሠርቷል። ጥናቱ በፈታኞች ፊት ቀርቦ ዲፌንስ ከተደረገ በኋላ ግን ያ ሁሉ ልፋት የት ይገባል? አብዛኛው ተጠርዞ ላይብረሪ ይቀመጣል። አንድ ኮፒ ዲፓርትመንት፣ አንድ ኮፒ ባለቤቱ ቤት። ውስጡ ያለው ግን የሰው ሕይወት ነው። በዚያ ሆስፒታል በዚያ በሽታ ስንት ሰው መጣ፣ ምን ተደረገለት፣ ስንቱ ዳነ፣ ስንቱ አረፈ። ይህን ማወቅ ጎንደር ላለ ሐኪም ይጠቅመዋል። አርባ ምንጭ ላለውም፣ ታንዛኒያ ምዋንዛ ላለውም እንዲሁ። ካልታተመ ግን ማንም አያገኘውም።

እኔ ጠቅላላ ቀዶ ሐኪም ነኝ። የምሠራው ከአዲስ አበባ ውጪ ባለ ሪፈራል ሆስፒታል ነው። ቴሲሴን ጨምሮ የተወሰኑ ሥራዎቼ በቀጣናችን የቀዶ ሕክምና ጆርናል፣ በኢስት ኤንድ ሴንትራል አፍሪካን ጆርናል ኦፍ ሰርጀሪ፣ ወጥተዋል። ከዚያ ወዲህ ደግሞ የሌሎችን ጽሑፍ በሪቪወርነት ስገመግም ቆይቻለሁ። ሬዚደንቶች፣ ማለትም ስፔሻሊቲ የሚማሩ ሐኪሞች፣ ስለ ጆርናሉ ደጋግመው ይጠይቁኛል። ማን ያነበዋል? ለፕሮሞሽን፣ ለማዕረግ ዕድገት፣ ይያዛል? ትልልቆቹ እያሉ ለምን እዚያ እንልካለን? የማውቀውን አንድ ቦታ ላስቀምጠው ብዬ ነው የተነሳሁት።

ጆርናሉን ያወቅሁት ሲቸግረኝ ነው። የቴሲሴ ርዕስ የትልቁ አንጀት መጠምዘዝ ነበር፤ እኛ ሲግሞይድ ቮልቩለስ የምንለው። በአገራችን ሆዱ ተነፍቶ፣ አየርም ሰገራም አልወጣ ብሎት ወደ ድንገተኛ ክፍል ከሚመጣው ሰው ብዙው ይህ ነው ያለበት። የምናነባቸው ትልልቅ መጻሕፍት ግን ታካሚውን ሲገልጹት ሌላ ሰው ነው። ዕድሜው የገፋ፣ አልጋ ላይ የዋለ፣ በአረጋውያን መጦሪያ የሚኖር፣ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስድ። የእኔ ታካሚ ሰሞኑን ሲያርስ የነበረ ገበሬ ነው። ጠንካራ ነው፣ ሌላ በሽታ የለበትም። ሕመሙ ሲጀምረው ይለቀኛል ብሎ ቤቱ ቆይቷል። ቀጥሎ ጤና ጣቢያ ሄዷል። እኛ ጋ ሲደርስ አንዳንዴ አንጀቱ ጠቁሯል።

መጽሐፉ ሲቲ ስካን አንሳ፣ በኮሎኖስኮፒ፣ ካሜራ ባለው ተጣጣፊ ቱቦ፣ አስተንፍስ ይላል። ሌሊት ዲዩቲ ላይ ያለ ሬዚደንት እጅ ላይ ያለው ተራ ኤክስሬይ፣ በፊንጢጣ ገብቶ አንጀት የሚታይበት ቀጥ ያለ ሪጂድ ሲግሞይዶስኮፕና የጎማ ቱቦ ነው። አንጀቱ ካልሞተ በዚያ ቱቦ አየሩን ማስወጣት ይቻላል። ከሞተ መቆረጥ አለበት። ከተቆረጠ በኋላስ? ሁለቱን ጫፍ እዚያው ሰፍቶ መዝጋት ነው ወይስ ኮሎስቶሚ ማውጣት፣ ማለትም አንጀቱን በሆድ በኩል ከፍቶ ሰገራው ከረጢት ውስጥ እንዲወጣ ማድረግ? ኮሎስቶሚ ከወጣ ከረጢቱ ከየት ይገዛል? ሰውየው ለሁለተኛው ኦፕሬሽን ከገጠር ተመልሶ ይመጣል ወይ? የእኔ ጥያቄ ይህ ነበር።

ለዚህ ጥያቄ የሚቀርብ መልስ ያገኘሁት ኢስት ኤንድ ሴንትራል አፍሪካን ጆርናል ኦፍ ሰርጀሪ ላይ ነው። ከኡጋንዳ፣ ከታንዛኒያ፣ ከኬንያ፣ ከራሳችንም አገር የሚጻፉ ሥራዎች ይወጡበታል። ጸሐፊዎቹ የሚያክሙት እኔ የማክመውን ዓይነት ሰው ነው። ያላቸው ዕቃ እኔ ያለኝ ዕቃ ነው። ደም ባንክ ደም ሲያልቅ፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍል አልጋ ሲጠፋ ምን እንዳደረጉ ይናገራሉ። የታካሚው ቁጥር ከትልልቆቹ ጥናቶች ያንሳል። ለዚያ ሌሊት ውሳኔ ግን የሚበቃኝ እሱ ነበር።

የዚህ ጆርናል ሥር የምሥራቅ አፍሪካ የቀዶ ሐኪሞች ማኅበር ነው። ማኅበሩ በ1950 እ.ኤ.አ. ናይሮቢ ላይ ተመሠረተ። በዚያ ዘመን ብዙዎቹ አባላት በመንግሥትና በሚሲዮን ሆስፒታሎች የሚሠሩ የውጭ ሐኪሞች ነበሩ። አንዱ ካንዱ በጣም ተራርቀው፣ አንዳንዱም ለአንድ ሰፊ አውራጃ ብቸኛው ቀዶ ሐኪም ሆኖ ይሠራ ነበር። ሲሰበሰቡ ያዩትን ይነጋገራሉ። መጀመሪያ የሚታተመው የእነዚያ ጉባኤዎች ጽሑፍ ነበር። ወደ ሙሉ ጆርናልነት ያደገው በኋላ ነው።

የዚያ ትውልድ አንድ ሐኪም ታሪክ ለሬዚደንቶቼ ሁልጊዜ እነግራለሁ። ዴኒስ በርኪት ካምፓላ ሙላጎ ሆስፒታል ይሠራ የነበረ ቀዶ ሐኪም ነው። መንጋጋቸው ያበጠ ሕፃናትን አየ። ብዙ ሰው አይቶ ያለፈውን ነገር እሱ ቆም ብሎ ተመለከተው። ካርድ አገላበጠ፣ ታካሚዎቹን ቆጠረ፣ በ1958 እ.ኤ.አ. በብሪቲሽ ጆርናል ኦፍ ሰርጀሪ ላይ ጻፈው። ከዚያም ፎቶ ያለበት መጠይቅ በአፍሪካ ላሉ ሆስፒታሎች ላከ። በ1961 እ.ኤ.አ. ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በአሮጌ መኪና ረጅም መንገድ ተጉዞ ከሆስፒታል ሆስፒታል በሽታው የት እንዳለና የት እንደሌለ ጠየቀ። ዛሬ በርኪት ሊምፎማ የምንለው ካንሰር ይኸው ነው። ኤፕስቲን ባር የተባለውም ቫይረስ የተገኘው በ1964 እ.ኤ.አ. ከዚሁ ዕጢ ናሙና ነው። መነሻው ላቦራቶሪ አይደለም። የዋርድ ካርድና የሚጠይቅ ሐኪም ነው።

በርኪት ጽሑፉን ወደ እንግሊዝ ነው የላከው። ዛሬ ምርጫ አለን። በ1999 እ.ኤ.አ. የምሥራቅ፣ የመካከለኛውና የደቡብ አፍሪካ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ተቋቋመ፤ በአጭሩ ኮሴክሳ ይባላል። ጽሕፈት ቤቱ አሩሻ፣ ታንዛኒያ ነው። ኢትዮጵያም አባል ናት። ኮሌጁ ግቢና ግንብ ያለው ትምህርት ቤት አይደለም። ሠልጣኙ ዕውቅና በተሰጠው ሆስፒታል እየሠራ ይማራል፣ የሠራውን ኦፕሬሽን ሎግ ቡክ ላይ ይመዘግባል፣ በመጨረሻ ከሌሎች አገሮች ሠልጣኞች ጋር አንድ ዓይነት ፈተና ይፈተናል። ነባሩ ማኅበር በኋላ ከኮሌጁ ጋር ተዋሃደ፣ ጆርናሉም የኮሌጁ ሆነ። ለብዙ ዓመታት ዋና ኤዲተር ሆነው የመሩት ኡጋንዳዊው ፕሮፌሰር ኢግናሺየስ ካካንዴ ናቸው። ገንዘብም ሠራተኛም በሌለበት አንድ ጆርናል ሳይቋረጥ እንዲወጣ ማድረግ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ለእኚህ ሰው ትልቅ አክብሮት አለኝ።

ኮሌጁና ጆርናሉ አንድ ላይ መሆናቸው በአጋጣሚ አይመስለኝም። ማላዊ ያለ ሠልጣኝና ባሕር ዳር ያለ ሠልጣኝ አንድ ፈተና የሚፈተኑ ከሆነ አንድ የጋራ ንባብ ያስፈልጋቸዋል። ያ ንባብ ደግሞ የራሳቸውን በሽተኛ የያዘ መሆን አለበት።

ምሳሌ ልስጥ። የወጌሻ ነገር። ልጁ ከዛፍ ወድቆ ክንዱ ይሰበራል። ወላጆቹ ወጌሻ ጋ ይወስዱታል። ወጌሻው በቀርከሃ አጥብቆ ያስረዋል። እጁ ያብጣል፣ ማሰሪያው አይላላም፣ ደም መዘዋወሩን ያቆማል። ልጁ እኛ ጋ ሲመጣ ጣቶቹ ጠቁረዋል፤ የሚቀረው መቁረጥ ነው። አገራችን ውስጥ የሠራ የአጥንት ሐኪም ሁሉ ይህን አይቷል። አውሮፓ ያለ ኤዲተር ግን ዕድሜውን ሙሉ አንድ ላያይ ይችላል። ስለዚህ ጽሑፉ ሲደርሰው "ለአንባቢዎቻችን አይመጥንም" ብሎ መመለሱ አያስገርምም። ሁሉም ይመልሱታል ማለቴ አይደለም። በ2005 እ.ኤ.አ. ከአገራችን ገጠር ሆስፒታል የተጻፈ አጭር ሥራ በእንግሊዝ የአጥንት ሕክምና ጆርናል ወጥቷል። ወጌሻዎችን ሰብስቦ አጭር ሥልጠና መስጠት እንዲህ ያለውን ጉዳት እንደሚቀንስ ያሳየ ሥራ ነው። የሚደነቅ ነው። ግን ለእያንዳንዱ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ የሩቅ ኤዲተር በጎ ፈቃድ መጠበቅ አንችልም።

ቁጥሩም ይህንኑ ይናገራል። ላንሴት የተባለው የሕክምና ጆርናል ያቋቋመው ኮሚሽን በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ 5 ቢሊዮን ሰው ደህንነቱ የተጠበቀና አቅሙ የሚፈቅደው የቀዶ ሕክምና በጊዜው አያገኝም ብሏል። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመው የአፍሪካ የቀዶ ሕክምና ውጤት ጥናት ደግሞ 25 አገሮችን፣ 247 ሆስፒታሎችንና ከ11,000 በላይ ታካሚዎችን አካቷል። የእኛ ታካሚዎች በአማካይ ወጣቶችና ያነሰ ሥጋት ያለባቸው ሆነው ሳለ፣ ከኦፕሬሽን በኋላ የሚሞቱት ግን ከዓለም አማካይ በእጥፍ ነው። ይህ ቁጥር የተገኘው በየሆስፒታሉ ያሉ ሐኪሞች ቁጭ ብለው ስለመዘገቡ ነው። ለምን እጥፍ እንደሆነ የሚነግረን ደግሞ እያንዳንዱ ሆስፒታል የራሱን ሲጽፍ ነው።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። ጽሑፍ የሚጀምረው ኮምፒውተር ላይ አይደለም፤ ካርድ ክፍል ነው። እኔ መነሻ ያደረግሁት የኦፕሬሽን ክፍሉን ትልቁን መዝገብ ነበር። ከዚያ የካርድ ቁጥሩን ይዤ ካርድ ክፍል ወረድኩ። እዚያ ለረጅም ዓመታት የሠሩ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ነበሩ። የያዝኩትን ዝርዝር አዩና፣ "ዶክተር፣ የሞቱትን እዚህ መደርደሪያ ላይ አያገኟቸውም፤ የእነሱ ካርድ ለብቻ ነው የሚቀመጠው" አሉኝ። ወደ ጓዳው ወሰዱኝ። በገመድ የታሰረ የካርድ ክምር፣ ላዩ ላይ አቧራ። ቁልፉ እሳቸው ጋ ነበር።

ይህን የማነሳው ለወግ አይደለም። ክፍት መደርደሪያው ላይ ያለውን ብቻ ሰብስቦ የጻፈ ሰው የሞት ቁጥሩ ዝቅ ይልለታል። ሕክምናው ከእውነቱ የተሻለ መስሎ ይታያል። ሌላ ሐኪም ያንን አንብቦ ይወስናል። ስለዚህ ጥናት ከመጀመራችሁ በፊት ካርድ ክፍል ሄዳችሁ የሞቱ ሰዎች ካርድ የት እንዳለ ጠይቁ። ሪፈር የተባሉትስ? በራሳቸው ፈቃድ ፈርመው የሄዱትስ? አሁን ሪቪወር ሆኜ መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው። መዝገቡ ላይ ስንት ነበሩ፣ ካርዳቸው የተገኘው ስንት ናቸው፣ ያልተገኙት ለምን አልተገኙም። ካርድ መጥፋቱ ነውር አይደለም። የጠፋውን ሳይጽፉ ማለፍ ነው ጽሑፉን የሚያበላሸው።

የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ደግሞ ካርድ ከመነካቱ በፊት ነው የሚወጣው። "ወደኋላ የሚያይ ጥናት ስለሆነ አያስፈልግም" የሚል ሰው ታገኛላችሁ። ያስፈልጋል። ጆርናሉ የደብዳቤውን ቁጥርና ቀን ይጠይቃል። የአንድ ታካሚ ታሪክ ብቻ የምትጽፉ ከሆነ፣ ማለትም ኬዝ ሪፖርት፣ ከታካሚው የጽሑፍ ስምምነት ውሰዱ። ከሆስፒታል ሳይወጣ በፊት ውሰዱ። ከወጣ በኋላ ስልኩ አይሠራም፣ ቀበሌው ይርቃል፣ ጽሑፉ እዚያው ይቀራል። ፎቶ ካለ ፊት እንዳይታይ፤ ንቅሳት፣ የአንገት ማተብ፣ ኤክስሬይ ላይ የተጻፈ ስምም ሰውን እንደሚያስለይ አስቡ።

የእኔ ጽሑፍ መጀመሪያ የሄደው ወደ አንድ ትልቅ የውጭ ጆርናል ነበር። ሲኒየሬ "ሞክረው፣ ምን ይጎዳል" አሉኝ። ለሪቪወር እንኳን ሳይደርስ ተመለሰ። ምክንያቱ አጭር ነበር፤ ጉዳዩ የአንድ አካባቢ ነው የሚል። ቀጥሎ ወደ ቀጣናችን ጆርናል ላክሁት። ቶሎ አልመጣም፤ ጆርናሎቻችን ብዙ ጊዜ ይዘገያሉ። ሲመጣ ግን ከሁለት ሪቪወሮች ነው። ማንነታቸውን አላውቅም። አንደኛው ዕቃችንን የሚያውቅ ሰው እንደሆነ ከጥያቄው ገባኝ።

ጥያቄው ይህ ነበር። በቱቦ የተነፈሰላቸው ታካሚዎች ከስንት ቀን በኋላ ነው ኦፕሬሽን የተደረጉት? ያልተደረጉትስ ምን ሆኑ? እኔ በጽሑፉ ውስጥ አንድ መስመር ብቻ ነበር የሰጠሁት። በቱቦ ሆዱ የተነፈሰለት ሰው በማግስቱ ይቀለዋል። "ተሽሎኛል፣ ከብት ትቼ ነው የመጣሁት" ብሎ ይሄዳል። ያው አንጀት ግን ተመልሶ ሊጠመዘዝ ይችላል። ቀጣዩ ጊዜ ደግሞ በሰዓቱ ላይደርስ ይችላል። ሪቪወሩ ይህ የጽሑፉ ዋናው ነገር ነው፣ አስፋው፣ ለምን እንደሚሄዱ ጻፍ አለኝ። የውጭ አገር አንባቢ አልፎት የሚሄደውን መስመር እሱ ያዘው። እሱም የሚያክማቸው ሰዎች እንዲሁ ብለው እንደሚሄዱበት እገምታለሁ። አስፋሁት። ከታተመ በኋላ ሰዎች ኢሜይል ሲጽፉልኝ የሚጠይቁኝ ስለዚያው አንቀጽ ነው። እኛም ክፍላችን ውስጥ አሠራር ቀየርን። በቱቦ የተነፈሰለት ሰው ከመውጣቱ በፊት ቤተሰቡ ተጠርቶ ይነገረዋል፣ ከተስማማ በዚያው ተኝቶ ኦፕሬሽኑ ይሠራለታል።

ለሪቪወር መልስ ስትጽፉ እያንዳንዱን ጥያቄ ገልብጣችሁ ከሥሩ መልስ ስጡ። ያስተካከላችሁት በየትኛው ገጽ እንደሆነ አመልክቱ። ካልተስማማችሁ ምክንያታችሁን በትሕትና አስረዱ። ሪቪወሩ የሚያየው ነገር ሁሉ ትክክል ነው ማለት አይደለም። ግን ያልገባው ነገር ካለ ሌላም አንባቢ አይገባውም። "ይህ መረጃ የለንም" ማለትም ሙሉ መልስ ነው። እኛ ታካሚዎቹ ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ያለ ክትትል አልነበረንም፤ ካርዱ ላይ ስልክ አልነበረም። ሪቪወሩ ይህን ከመጨረሻው ገጽ አውጥተን መጀመሪያ ላይ ባለው ማጠቃለያ፣ አብስትራክቱ ላይ፣ እንድናስቀምጠው ጠየቀ፤ አስቀመጥነው።

የደራሲ ስም ጉዳይ ስሜት ይነካል። ካርድ ያልገለጠ፣ ረቂቅ ያላነበበ ሰው ስሙ እንዲገባ ሲጠየቅ ሬዚደንት እምቢ ማለት ይከብደዋል። እኔም አይቻለሁ። የሚረዳው ሥራው ከመጀመሩ በፊት ወረቀት ላይ መነጋገር ነው። ማን ይሰበስባል፣ ማን ይተነትናል፣ ማን ይጽፋል፣ ማን መጀመሪያ ይቀመጣል። ማን ደራሲ እንደሚባል የሕክምና ጆርናል ኤዲተሮች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ያስቀመጠው መስፈርት አለ። በወረቀት አትማችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ሕጉ የእኔ ሳይሆን የጆርናሉ ነው ማለት ይቀላል። በተቃራኒው ደግሞ ስታቲስቲክሱን የሠራላችሁን የሕብረተሰብ ጤና ባለሙያ አትርሱ።

ስለ ፕሮሞሽን። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፣ ብዙ ሰው በግልጽ አይናገረውም። በየቦታው ለዕድገት የሚቆጠረው ኢምፓክት ፋክተር፣ ማለትም የጆርናሉ ጽሑፎች በሌሎች ምን ያህል እንደሚጠቀሱ የሚያሳየው ቁጥር፣ ከሆነ፣ ጥሩ ጽሑፍ ያለው ሰው ወደ ውጭ ይልካል። ጥሩው ከሄደ የቀጣናው ጆርናል ደካማውን ይዞ ይቀራል። ከዚያ "ደካማ ነው" ተብሎ ነጥብ ይቀነስበታል። ይህ ሽክርክሪት የሚሰበረው በዲፓርትመንት ኃላፊዎችና በዩኒቨርሲቲ ሴኔት ነው። ተሰሚነት ያላችሁ ሰዎች ካላችሁ እባካችሁ ይህን ስብሰባ ላይ አንሱት። ወጣቶቹ ደግሞ ከመላካችሁ በፊት ዩኒቨርሲቲያችሁ የትኞቹን ጆርናሎች እንደሚቀበል መመሪያውን በጽሑፍ ጠይቁ። በወሬ አትሂዱ።

የእኔ አካሄድ እንዲህ ነው። ጥያቄው የዓለም ከሆነ፣ ለምሳሌ በብዙ ሆስፒታሎች የተሠራ ንጽጽር፣ ወደ ሰፊው ጆርናል ይሂድ። ጥያቄው እዚህ ለሚሠራ ሐኪም ከሆነ፣ እሱ በሚያነበው ቦታ ይውጣ። የሕፃናት፣ የአጥንት፣ የሽንት ቧንቧ ቀዶ ሕክምና የራሳቸው የአፍሪካ ጆርናሎች አሏቸው። የኬንያ የአጥንት ሐኪሞች ማኅበር የምሥራቅ አፍሪካን የአጥንት ጆርናል ያወጣል። የኬንያ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበርም የራሱ አለው። አገራችን ውስጥ ደግሞ ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚወጣው የኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል አለ፤ ከቀዶ ሕክምና ውጪ ያለ ሐኪም ጭምር እንዲያነበው ከፈለጋችሁ እሱ ይሻላል።

አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብ። ስማችሁ አንድ ጊዜ ከታተመ ኢሜይላችሁ በግብዣ ይሞላል። "የተከበሩ ፕሮፌሰር፣ ጽሑፍዎን በሦስት ቀን እናወጣለን" ይላሉ። ገና ሬዚደንት ሳላችሁ ፕሮፌሰር ይሏችኋል። ገንዘብ ይቀበላሉ፣ የሚገመግም የለም። አንድ የማውቀው ወጣት ሐኪም ጥሩ ሥራውን እንዲህ ላለ ቦታ ሰጥቶ፣ ገጹ ከጊዜ በኋላ ከኢንተርኔት ጠፋ። ሌላ ቦታ እንዳይልከው ደግሞ አንዴ ታትሟል። ልቤን ነው የሰበረው። ከመላካችሁ በፊት ጆርናሉ በደቡብ አፍሪካ ያለው አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን ላይ ወይም ዶአጅ በሚባለው የነፃ ጆርናሎች ማውጫ ላይ መኖሩን እዩ። ኤዲተሮቹን ስማቸውን ፈልጉ፤ የሚያውቃቸው ሲኒየር አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ባለፈው ዓመት የወጡ ጽሑፎችን ከፍታችሁ አንብቡ። ክፍያ ካለ መጠኑ ከመላካችሁ በፊት በግልጽ የተጻፈ መሆን አለበት።

ለማንበብ የሚያስቸግራችሁ ካለ ሂናሪን ጠይቁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2002 እ.ኤ.አ. የጀመረው ፕሮግራም ነው፤ የሚከፈልባቸውን ጆርናሎች በተቋማችሁ በኩል ይከፍትላችኋል። የይለፍ ቃሉ ብዙ ጊዜ ያለው ላይብረሪ ነው። የቀጣናችን ጆርናል ግን ያለ ክፍያ ይነበባል። ገጠር ሆስፒታል ያለ ጠቅላላ ሐኪምም በስልኩ ሊከፍተው ይችላል። እኔ ስጽፍ በአእምሮዬ የማስበው እሱን ነው። ሌሊት ነው፣ አምቡላንሱ ነዳጅ የለውም፣ ሪፈር ማድረግ አይችልም፤ እኔ የጻፍኩትን ከፍቶ ቱቦውን እንዴት እንደሚያስገባ፣ መቼ እንደማይሞክረው ማወቅ አለበት። ስለዚህ "ስታንዳርድ ሕክምና ተደረገለት" ብላችሁ አትለፉ። ምን ዓይነት ክር፣ ምን ዓይነት ማደንዘዣ፣ ማን ነው የሠራው፣ ስንት ሰዓት ፈጀ፣ ይጻፍ።

ጆርናሉን የሚያኖሩት ደግሞ ጸሐፊዎች ብቻ አይደሉም። ኤዲተሮቹም ሪቪወሮቹም ደመወዝ የላቸውም። ቀን ኦፕሬሽን ሠርተው፣ ማታ ልጆቻቸው ከተኙ በኋላ ነው የሚያነቡት። ጽሑፍ የሚዘገየው ባብዛኛው ሪቪወር ስለሚጠፋ ነው። ጥቂት ሰው ላይ ተጭኖ ነው ያለው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ። እያንዳንዱ ያሳተመ ሐኪም በዓመት ጥቂት ጽሑፍ ቢገመግም መዘግየቱ በግማሽ ይቀንሳል ብዬ አምናለሁ።

መገምገም ለገምጋሚውም ትምህርት ነው። ሉሳካ ያለ ሐኪም የእኔን ችግር በሌላ መንገድ ሲፈታው ገና ሳይታተም አነበዋለሁ። ስገመግም መጀመሪያ ሙሉውን አንዴ አነብና አስቀምጠዋለሁ። በማግስቱ ሠንጠረዦቹን ብቻ እወስዳለሁ፤ ድምሩ ይመጣል ወይ? ጽሑፉ ላይ ያለው ቁጥር ሠንጠረዡ ላይ ካለው ጋር ይገጥማል ወይ? ከዚያ ነው ሐሳቡ ውስጥ የምገባው። እንግሊዝኛው ደካማ ስለሆነ ብቻ ውድቅ አላደርግም። ሐኪሙ ያየው ነገር ትልቅ ከሆነ ቋንቋው ይታረማል። የምጽፈውን አስተያየት ደግሞ ፊት ለፊት ለባልደረባዬ የምናገረው አድርጌ ነው የምጽፈው፤ ያኛው ጫፍ ላይ ያለው ሰው የመጀመሪያ ጽሑፉ ሊሆን ይችላል።

ሪቪወር መሆን የምትፈልጉ ለኤዲተሩ አጭር ኢሜይል ጻፉ። የት እንደምትሠሩ፣ አዘውትራችሁ የምትሠሩት ኦፕሬሽን ምን እንደሆነ፣ ያሳተማችሁት ካለ ጨምሩ። "ማንኛውንም እገመግማለሁ" አትበሉ፤ የሚያውቁት ርዕስ ያለው ሰው ቶሎ ይጠራል። ሲጠሯችሁ ጊዜ ከሌላችሁ በዚያው ቀን አልችልም በሉና የሚችል ባልደረባ ስም ስጡ። ጽሑፉን ተቀብሎ ዝም ማለት ከሁሉም ይጎዳል፤ ያኛው ሬዚደንት ለወራት ይጠብቃል። ሬዚደንት ከሆናችሁ ደግሞ ሲኒየራችሁ የሚገመግሙት ጽሑፍ ሲመጣላቸው አብሬ ላንብብ ብላችሁ ጠይቋቸው፤ ኤዲተሩ እንዲያውቀው ከተደረገ ብዙ ጆርናሎች ይፈቅዳሉ።